መጽሐፉ ዝም ባለበት

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ላይ አንድ አንባቢ እናገኛለን። ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ፣ የንግሥት ህንደኬ ገንዘብ ያዥ ነው፤ ኢየሩሳሌም ተሳልሞ ወደ አገሩ ሲመለስ ሠረገላው ላይ ተቀምጦ ኢሳይያስን ያነባል። የሚያነበው ለራሱ ቢሆንም ድምፁን ከፍ አድርጎ ነው፤ ፊልጶስ የሰማውም ለዚህ ነው። ይገባሃል ወይ ተብሎ ሲጠየቅ አዋቂ ለመምሰል አልሞከረም። አስረጂ እንደሚያስፈልገው ተናገረና ወዲያው ወደ ነገሩ ገባ፤ ነቢዩ ይህን ያለው ስለ ራሱ ነው ወይስ ስለ ሌላ ሰው? አንድ ንባብ፣ ሁለት መንገድ። ከዚህ ሰውዬ በኋላ በዚህ ምድር መጽሐፍ ቅዱስን ያነበበ ሊቅ ሁሉ በአንድም በሌላም መልኩ የጠየቀው ይህንኑ ነው።

የታሪክ ሰዎች ህንደኬ በዛሬዋ ሱዳን የነበሩት የመርዌ ንግሥታት መጠሪያ እንደነበረ ያስታውሱናል። ልክ ናቸው። አበው ግን ጃንደረባውን ባኮስ ብለው ሰይመው፣ አገር ቤት ገብቶ እንዳስተማረም ተርከው ቤተሰብ አድርገውታል። ሉቃስ ሰውዬው ደስ እያለው መንገዱን እንደቀጠለ ጽፎ ያቆማል፤ የቀረውን መንገድ ሌሎች ሄዱለት። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ዓ.ም. ካላልኩ በስተቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ንጉሥ ኢዛና በ4ኛው መቶ ዘመን ክርስትናን ሲቀበልና አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ከእስክንድርያው አትናቴዎስ ጵጵስና ተቀብሎ ሲመጣ መጽሐፉ ገና በግእዝ አልነበረም። ትርጉሙ ከግሪክ እየተቀዳ እስከ 6ኛው መቶ ዘመን ድረስ በየክፍሉ ተሠራ። አድዋ አጠገብ በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት ወንጌሎች በሬዲዮካርቦን ሲመረመሩ የዚያ ዘመን ሥራ ሆነው ተገኝተዋል፤ ወንጌላውያኑ በቀለም ተሥለውባቸዋል። የአክሱም ሰዎች ከተረጎሙት ውስጥ ግን እኔን የሚገርመኝ ሄኖክ ነው። ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 5 ለሄኖክ የሚሰጠው 4 ቁጥሮችን ብቻ ነው፤ ኖረ፣ ወለደ፣ አካሄዱን ከአምላኩ ጋር አደረገ፣ ከዚያም አልተገኘም። የት ሄደ? ምን አየ? መጽሐፈ ሄኖክ ያንን ክፍተት በመላእክት፣ በከዋክብት መንገድና በፍርድ ራእይ ይሞላዋል። ሌላው ዓለም መጽሐፉን ጥሎት፣ ቁርጥራጩ እዚህም እዚያም ሲቀር፣ ሙሉው የተረፈው በግእዝ ብቻ ነው። ጄምስ ብሩስ በ18ኛው መቶ ዘመን ቅጂዎቹን ይዞ አውሮፓ ሲገባ ሊቃውንቱ የተደነቁትም በዚህ ነው። መጽሐፈ ኩፋሌም ዕጣው ተመሳሳይ ነው። አስቀድሞ ሄኖክን ከመጻሕፍቱ ጋር የቆጠረ ሕዝብ ዝም ያለ ጥቅስ ሲያገኝ አልፎት እንዲሄድ አይጠበቅም።

በ6ኛው መቶ ዘመን እንደነበረ የሚነገርለት ያሬድ በበኩሉ መጽሐፉን በዓመቱ ላይ ዘረጋው። የዜማ መጽሐፉ ድጓ መዝሙሩንና ነቢያቱን እያነሣ ከዝናብ፣ ከአበባ፣ ከጾምና ከበዓል ጋር ያጋጥማቸዋል። ስለዚህ ምእመኑ መዝሙረ ዳዊትን የሚያውቀው በምዕራፍ ተራ ሳይሆን በወቅት ነው፤ አንዱ ስንኝ በዘመነ ጽጌ የሚሰጠው ስሜት በሕማማት ከሚሰጠው ይለያል።

ከዚያ ረጅም ዘመን አልፎ ላስታ ላይ መጽሐፉ በድንጋይ ተነበበ። በ12ኛው መቶ ዘመን መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ የነገሠው ላሊበላ ሠራቸው የሚባሉት አብያተ ክርስቲያናት አሠራራቸው ምን ያህል ዘመን እንደፈጀ ዛሬም ያከራክራል። የቦታዎቹ ስም ግን አያከራክርም፤ ዮርዳኖስ አለ፣ ጎልጎታ አለ፣ ደብረ ሲና አለ፣ ቤተ ልሔም አለ። ሳላሐዲን ኢየሩሳሌምን የያዘው በ1187 ነበርና ብዙዎች ሁለቱን ነገር ያያይዛሉ። ቢያያዝም ባይያያዝም ከደብረ ታቦር አውራጃ ለገና የመጣ ገበሬ ወንጌል ውስጥ የሚሰማውን ዮርዳኖስ በእግሩ ተሻግሮ ወደ ቤቱ ተመለሰ ማለት ነው።

ከሁሉ የደፈረው አንባቢ ግን የመጣው በ14ኛው መቶ ዘመን ነው። መጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 10ን ይክፈቱ። የንግሥተ ሳባ ታሪክ ከቁጥር 1 እስከ 13 ነው፤ ከነዚያም ውስጥ 2ቱ ስለ ኪራም መርከቦች ስለሚያወሩ ለንግሥቲቱ የሚተርፋት 11 ቁጥር ነው። ስም የላትም። በእንቆቅልሽ ፈተነችው፣ ጥበቡን አይታ ተደነቀች፣ ወርቅና ሽቶ ሰጠች፣ የፈለገችውን ሁሉ ተሰጥቷት ወደ አገሯ ተመለሰች። የፈለገችው ምን ነበር? መጽሐፉ አይናገርም።

የአክሱሙ ንቡረ እድ ይስሐቅና ባልደረቦቹ በዐፄ ዐምደ ጽዮን ዘመን ለግእዝ ያበቁት ክብረ ነገሥት በዚያች በአንዷ ጥያቄ ላይ 117 ምዕራፍ አቆመ። (ይስሐቅ ራሱ ከዐረብኛ ተርጎምኩት ይላል፤ ምን ያህሉ የትርጉም ምን ያህሉ የራሱ እንደሆነ ተመራማሪዎች አልተስማሙም።) ተራኪው እንደ ጥሩ ልብ ወለድ ጸሐፊ ከነጋዴ ይጀምራል። ንግሥቲቱ ስለ ሰሎሞን በምን ሰማች? ታምሪን የሚባል 520 ግመልና 73 መርከብ ያለው ነጋዴ ነገራት። በምን ሄደች? ጓዟን በ797 ግመሎች አስጭና። 800 ቢባል ማንም አይከራከርም ነበር፤ ግን 797 ሲባል ሰምቶ አለማመን ያስቸግራል። ከዚያ የግብሩ ሌሊት ይመጣል። ሰሎሞን የሚያስጠማ ምግብ አቅርቦላት፣ ከቤቱ ምንም እንዳትወስድበት አስምሎ አስተኛት። ሌሊት ውኃ ስትጠጣ ያዛት፤ መሐላሽን አፈረስሽ አላት፤ ውኃማ ምንድን ነው ብትለው ከውኃ የሚበልጥ ሀብት ከየት ይመጣል ብሎ ረታት። የደጋ በጋ ያየ አድማጭ የዚህን ክርክር ኃይል ለመረዳት ሐተታ አያሻውም። የተወለደው ልጅ አድጎ አባቱን ፍለጋ ይሄዳል፤ የካህኑ የሳዶቅ ልጅ አዛርያስና ጓደኞቹም ታቦተ ጽዮንን ይዘው አብረውት ይመጣሉ።

ይህ ሁሉ ፖለቲካ ነው የሚል አለ፤ በ1270 ዙፋኑን የያዘው ሥርወ መንግሥት የዘር ሐረግ ያስፈልገው ነበር። ልክ ነው፣ ያስፈልገው ነበር። ነገር ግን ለዘር ሐረግ አንድ ገጽ ይበቃል። 797 ግመል የሚቆጥረው ከዙፋኑ በላይ ታሪኩን የወደደ ሰው ነው።

መጽሐፉን በራስ ዓይን ማንበብ ሁልጊዜ እንዲህ በክብር አላለቀም። በ15ኛው መቶ ዘመን ከአጋመ የተነሣው መነኩሴ አባ እስጢፋኖስ መጽሐፉን ሲያነብ ያገኘው ስግደት ለአብ፣ ለወልድና ለመንፈስ ቅዱስ ብቻ መሆኑን ነው። ስለዚህ ለንጉሡ አልሰግድም አለ፤ ለእመቤታችንና ለመስቀሉ የሚደረገውንም ስግደት አልተቀበለም። የገጠመው ደግሞ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብን ነበር፤ ንጉሡ ራሱ ሊቅ፣ ራሱ ደራሲ፣ ለእመቤታችን ፍቅር ወሰን የሌለው ሰው። እስጢፋኖስ እስር ላይ ሞተ። ተከታዮቹ ተገረፉ፣ አካላቸው ተቆረጠ፣ በድንጋይ ተወገሩ። የተረፉት ጉንዳ ጉንዴ ገዳም ገብተው መጻሕፍት ይጽፉና ያስጌጡ ጀመር፤ ከኢትዮጵያ ብራናዎች ሁሉ ውብ ከሚባሉት ጥቂቶቹ የነሱ እጅ ሥራ ናቸው። ጌታቸው ኃይሌ ገድላቸውን ወደ አማርኛ እስኪመልሰው ድረስ አብዛኛው አንባቢ ስማቸውን የሚያውቀው በመናፍቅነት ብቻ ነበር።

16ኛው መቶ ዘመን የእሳት ዘመን ነው። በ1529 ሽምብራ ኩሬ ላይ የጀመረው የግራኝ አሕመድ ድል ለ14 ዓመት ያህል አገሩን ሲያዳርስ ብራናው ከነቤተ ክርስቲያኑ ነደደ፣ መምህራኑም አለቁ። ወዲያው የካቶሊክ ሚስዮናውያኑ ኢየሱሳውያን ተከተሉ። ፔድሮ ፓኤዝ በ1603 ገብቶ ቋንቋውን ተማረ፤ የሐዲስ ኪዳን ማብራሪያዎችን ለአገሬው ሰው በሚገባ ቋንቋ ማዘጋጀትም ተጀመረ። ዐፄ ሱስንዮስ በ1622 ካቶሊክነቱን በይፋ ተቀበለ፣ አገር ታወከ፣ በ1632 ፋሲለደስ የአባቶቹን ሃይማኖት መለሰ። ከዚህ ሁሉ ደም በኋላ ለሊቃውንቱ የቀረው ጥያቄ ቀላል አልነበረም። ምእመኑ ግእዝ አይሰማም፤ ሮማዊው ቄስ በአማርኛ ሲሞግተው በግእዝ መመለስ አይቻልም። የመጽሐፉ ትርጓሜ በአማርኛ መሰጠት ነበረበት።

ጎንደር በ1636 ስትቆረቆር ይህ ሥራ ቤት አገኘ። መጀመሪያ ግን ስለ ሠዓሊዎቹ አንድ ነገር ልበል። ሮም ላይ በሜዲቺ ማተሚያ ቤት በ1591 አካባቢ የታተመ የዐረብኛ ወንጌል ነበር፤ አንቶኒዮ ቴምፔስታ የነደፋቸው ሥዕሎች አሉበት። መጽሐፉ ኢትዮጵያ ገባና የ17ኛው መቶ ዘመን ሠዓሊዎች ሥዕሉን መነሻ አደረጉት። የሰዎቹን አቋቋምና የትዕይንቱን ቅንብር ወሰዱ፤ የሮማውያኑን ጥላና ርቀት ጣሉት፤ ፊቱን፣ ዓይኑን፣ ልብሱን፣ ቀለሙን የራሳቸው አደረጉት። ጻድቁ በሁለት ዓይን ፊት ለፊት ያየናል፣ ክፉው በአንድ ጎኑ ዞሮ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። ይህ ልማድ ሲቀጥል በጣና ዙሪያ ባሉ አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ ቀይ ባሕር የሚውጣቸው የፈርዖን ወታደሮች ጠመንጃ እስከ መያዝ ደርሰዋል። ሠዓሊው ፈርዖን ጠመንጃ እንዳልነበረው ሳያውቅ ቀርቶ አይመስለኝም። ተመልካቹ የሚፈራው ሠራዊት ጠመንጃ የያዘ ስለነበረ ነው።

አሁን ወደ ጉባኤ ቤቱ እንግባ። መምህሩ ወንበሩ ላይ ናቸው፤ ተማሪዎቹ ደበሎ ለብሰው መሬት ላይ ከበዋቸዋል። አንዱ ተማሪ ግእዙን ያነባል፤ ጥቂት ቃል ሄዶ ይቆማል። መምህሩ ያቺን ቁራጭ በአማርኛ ይፈቱና ምሥጢሯን ያወጣሉ። ከዚያ «አንድም» ይላሉ፤ ሌላ መፍቻ ይመጣል። ደግሞም «አንድም»፤ ሦስተኛ። ትርጓሜው አንድምታ የተባለውም ለዚህ ነው። የፊተኛው አልተሻረም፣ የኋለኛው አልነገሠም። ጣልቃ ሐተታ ይገባል፣ ታሪክ ይገባል። ተማሪው ይህን ሁሉ የሚይዘው በቃሉ ነው፤ ብሉዩን ለብቻ፣ ሐዲሱን ለብቻ፣ ሊቃውንቱንና መነኮሳቱን ለብቻ፣ አራት ጉባኤ ለመጨረስ የወጣትነት ዘመን ያልቃል። የ18ኛው መቶ ዘመኑ መምህር ኤስድሮስ ጣና ደሴት ገብቶ መጻሕፍቱን ሲያገላብጥ ከርሞ ትርጓሜውን እንዳደሰው ይነገራል፤ የሱ ወገን ታች ቤት፣ የቀደመውን የያዘው ላይ ቤት ተባለ። ታች ቤት በዛ፣ ላይ ቤት እየመነመነ ሄደ።

አንድ ቦታ ቀረብ ብለን እንይ፤ ማቴዎስ ምዕራፍ 2። ሰብአ ሰገል ከምሥራቅ ኢየሩሳሌም ገቡ፤ ሄሮድስ ደነገጠ፣ ከተማውም አብሮት ደነገጠ ይላል። ስንት እንደነበሩ አይናገርም። ከተማ ሙሉ በጥቂት መንገደኞች ለምን ይደነግጣል? በቤተ ክርስቲያናችን ሲወርድ የመጣው ሐተታ መልስ አለው። የተነሡት 12 ነገሥታት ነበሩ፤ እያንዳንዳቸው 10 ሺህ ሠራዊት አስከትለዋል። ኤፍራጥስ ሲደርሱ ስንቅ አለቀ። ዘጠኙ ከነሠራዊታቸው ተመለሱ፣ ሦስቱ 30 ሺህ ይዘው ገሠገሡ። አሁን የሄሮድስን ፊት ማየት ይቻላል። ይህን የሚሰማው ተማሪ ሠራዊት ስንቁን ተሸክሞ በሚዘምትበት፣ ስንቅ ካለቀ ደግሞ ዘመቻው በሚያልቅበት አገር ያደገ ነው፤ የዘጠኙ መመለስ ምንም አይደንቀውም፣ የሦስቱ መቀጠል ነው የሚደንቀው። ስጦታዎቹ ላይ ሲደረስ ደግሞ አንድም ይደረደራል፤ ወርቁ ለንግሥናው፣ ዕጣኑ ለክህነቱ፣ ከርቤው ለሞቱ፤ ነገሩን ከአዳም ጀምሮ ሲወርድ ከመጣ አደራ ጋር የሚያያይዝም አለ።

ከዚህ ውስጥ ብዙው ከውጭ የመጣ ነው። እንግሊዛዊው ሮጀር ካውሊ በ1983 እና በ1988 ባሳተማቸው መጻሕፍት የአንድምታውን ምንጮች ተከታትሏል፤ አንደኛው በ1043 የሞተው የባግዳዱ ሐኪምና ቄስ ኢብን አጥ-ጠይብ ነው። ሰውዬው ንስጥሮሳዊ ነበር። ንስጥሮስን ስታወግዝ የኖረች ቤተ ክርስቲያን የንስጥሮሳዊውን ማብራሪያ በዐረብኛ አግኝታ፣ ወደ ግእዝ መልሳ፣ በአማርኛ አስተማረችው። ሊቃውንቱ ጥሩ ሐተታ ሲያገኙ የትውልድ አገሩን የሚጠይቁ አልነበሩም።

አንድምታው ሁሉ እኩል ነው አልልም። አንዳንዱ የቁጥር ጨዋታ ነው፣ አንዳንዱ ደግሞ እንዲሁ ለመብዛት የበዛ ይመስላል። አጥርም ነበረው። ስለ ሰብአ ሰገል ስንቅ ሦስት አራት መልስ ጎን ለጎን ይቀመጣል፤ ስለ ክርስቶስ ባሕርይ ግን አንድም የለም። በዚያው ጎንደር ቅባት፣ ጸጋና ተዋሕዶ የሚባሉት ወገኖች ሲከራከሩ ሰው ተወግዟል፣ ተሰዷል፣ ሞቷል፤ ነገሩ በ1878 ቦሩ ሜዳ ላይ በዐፄ ዮሐንስ ጉባኤ የተቋጨውም በንጉሥ ትእዛዝ ነው።

በዚህ መሀል ካይሮ ውስጥ ሌላ ዓይነት ንባብ ተጀምሮ ነበር። አቡ ሩሚ፣ በክርስትና ስሙ አብርሃም፣ በ1750 አካባቢ የተወለደ የጎጃም ሰው ነው፤ ኢየሩሳሌምን፣ ፋርስንና ሕንድን ያየ መንገደኛ። በእርጅናው ከፈረንሳዩ ቆንስል አስላን ደ ሸርቪል ጋር ተገናኘና መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አማርኛ መመለስ ጀመረ። አስላን እንደጻፈው ለ10 ዓመት ያህል ማክሰኞና ቅዳሜ በሩን ለእንግዳ ሁሉ ዘግቶ ከሽማግሌው ጋር እያንዳንዱን ቁጥር ሲያነብ ኖረ። የከበደ ቃል ሲገጥማቸው የዕብራይስጡን፣ የሱርስቱንና የሰብዓ ሊቃናቱን ትርጉም ያያሉ። በ1818 ሲጨርሱ 9,539 ገጽ ሆኖ ነበር። አቡ ሩሚ ብዙም ሳይቆይ በወረርሽኝ ሞተ። እንግሊዛዊው ዊልያም ጆዌት በ1820 ጽሑፉን ለብሪታንያው የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር በ1,250 ፓውንድ ገዛው፤ ወንጌሎቹ በ1824፣ ሙሉው መጽሐፍ በ1840 ታተመ።

ሳሙኤል ጎባት ቅጂዎቹን ይዞ በ1830 ጎንደር ደረሰ። አሁን አንድ ነገር ተለወጠ። የአቡ ሩሚ መጽሐፍ ግእዝ የማያውቀውን ሰው ከጽሑፉ ጋር በቀጥታ አገናኘው፤ ነገር ግን አንድም የለበትም። ሰብአ ሰገል ያለ ሠራዊት፣ ያለ ስንቅ ቁጥራቸው ሳይታወቅ ብቻቸውን መጡ። ካህናቱ በመጽሐፉ ላይ የነበራቸው ጥርጣሬ ቅናት ብቻ አልነበረም፤ ያለ አስረጂ የሚነበብ ጽሑፍ የት እንደሚያደርስ ከኢየሱሳውያን ዘመን ያውቁታል። በሌላ በኩል ብዙ አንባቢ ጽሑፉን ለመጀመሪያ ጊዜ እርቃኑን አየው፤ ይህም የራሱ ትኩስነት አለው። ሁለቱ አነባበቦች ከዚያ ወዲህ ጎን ለጎን ኖረዋል፤ አንዳንዴም በአንድ ቤት ውስጥ፣ በእናትና በልጅ መካከል።

በ20ኛው መቶ ዘመን ማተሚያ ቤት ለአንድምታውም ደረሰለት። ሥራው በራስ ተፈሪ የአልጋ ወራሽነት ዘመን ተጀመረ፤ ወንጌሉ፣ ጳውሎስና ዳዊት ንባባቸው ከነትርጓሜያቸው እየተከታተሉ ወጡ። ከሁሉ የሚከብደውን ሕዝቅኤልን የያዙት ኢየሩሳሌም የኖሩት መምህር ክፍለ ጊዮርጊስና ደቀ መዝሙራቸው ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ናቸው። ኪዳነ ወልድ እዚያው ዕብራይስጥ ተምረው ግእዙን ከእኅት ቋንቋዎቹ ጋር እያስተያዩ አነበቡ፤ መዝገበ ቃላታቸውን ሳይጨርሱ በ1944 ሲያርፉ ደስታ ተክለ ወልድ ተረክበው በ1948 ዓ.ም. ለኅትመት አበቁት። በ1954 ዓ.ም. ደግሞ በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ትእዛዝ የተሠራው አዲሱ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ወጣ።

ማተም ግን መምረጥ ነው። ወረቀቱ ላይ የገባው የአንድ ወንበር ትርጓሜ ነው፤ ሌላው መምህር የሚያስተምረው በተማሪዎቹ ቃል ብቻ ቀረ። ስለዚህ ዛሬ የታተመውን አንድምታ ከመጽሐፍ መደብር ገዝቶ ጉልበቱ ላይ የዘረጋ ደቀ መዝሙርም መምህሩ ፊት መቀመጡን አልተወም፤ መጽሐፉ ሦስተኛው አንድም ላይ ሲያበቃ መምህሩ ከመምህራቸው የሰሙትን አራተኛውን ይጨምሩለታል፣ እሱም በእርሳስ ኅዳጉ ላይ ይጽፈዋል።